ከዶሮ የሸሸሁበት ዋዜማ

በሰፈራችን ስለ እኔ የሚነገር አንድ ታሪክ ብቻ አለ። እሱም የዶሮ ታሪክ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ተምሬ፣ መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ መስኮት ያለው ቢሮ ተሰጥቶኝ፣ ሰፈራችን ወሰን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ያ ዶሮ ያመለጠው ልጅ» ነኝ። አንዳንድ ጊዜ «ልጅ» የምትለዋ ቀርታ «ያ ዶሮ ያመለጠው ሰውዬ» ስባል፣ እድገት አገኘሁ ብዬ እጽናናለሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። አባቴ ቢላዋውን ሰጠኝና «ዛሬ አንተ ባርክ» አለኝ። ዶሮዋን እንዳሳየኝ ያዝኳት፤ አንድ እግሬን ክንፏ ላይ፣ ሌላውን እግሯ ላይ አደረግሁ። በስመ አብ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሆነ ነገር ቆርጫለሁ ብዬ ነው የለቀቅኳት። ዶሮዋ ተነሥታ ቆመች፣ ላባዋን አራገፈች፣ በተከፈተው በር ወጥታ ከፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ ገባች። ባለሱቁ እስላም ነበሩ፤ ትልቅ ሰው። ዶሮዋን አቅፈው መልሰው አመጡልንና ለአባቴ በትሕትና «ገና አልጨረሳችሁም መሰለኝ» አሉት።

አባቴ ራሱ ጨረሰው። ከዚያ ለሳቁት ሁሉ «ቢላዋው ደንዞ ነው» አላቸው። ቢላዋውን ያን ቀን ጠዋት ራሱ ስሎት ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ሲያፋጨው ሰምቻለሁ። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ዶሮ አታርድም። ስለዚህ የበዓል ዋዜማ ወንድ የሌለበት ቤት፣ ወይም ወንዱ ያልገባበት ቤት ሴት፣ በአንድ እጇ ዶሮ በሌላ እጇ ቢላዋ ይዛ በሯ ላይ ትቆማለች። የሚያልፈውን ወንድ አስቁማ «እባክህ ይቺን ባርክልኝ» ትለዋለች። ዶክተር ይሁን ወያላ፣ ሥራው አይጠየቅም፤ ያቺን ደቂቃ አራጅ ነው። እንቢ ማለት ነውር ነው። በእኛ መንደር ግን ሴቶቹ መንገደኛ አያስቆሙም ነበር፤ ምክንያቱም አባቴ አለ። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ዕድሜውን በሙሉ መዝገብ ቤት ፋይል ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። በዋዜማ ግን አሮጌ ቡናማ ሹራቡን እጅጌውን ሰብስቦ በራችን ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶቹ ዶሯቸውን ታቅፈው ይሰለፋሉ። ዋጋው ምርቃት ነው። «እጅህን ይባርከው፣ ለከርሞ ያድርስህ» ይሉታል፤ እሱም «አሜን፣ አሜን» እያለ ቀጣይዋን ይቀበላል።

የእኔ ሥራ ውኃ ማፍላትና ላባ መንጨት ነበር፤ ከደሙ ራቅ ብዬ፣ ጓሮ። ከሴቶቹ አንዷ «ልጅህን ለምን አታስተምረውም?» ስትለው አባቴ «እሱ ፈተና አለበት» ይላል። የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ሳለሁ እውነት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ራሰ በራነት ጀማምሮኝም «ፈተና አለበት» ይላል። የምን ፈተና ብሎ የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ለጥቅሜ ነውና።

አባቴ በጥር አረፈ። ሳል ነው ብለን ነበር፤ ሳል ብቻ አልነበረም። የዚያ ዓመት ፋሲካ እንደ ወጉ የሐዘን ቤት ስለሆንን አላረድንም፤ ጎረቤት ነው ወጡንም ዳቦውንም ይዞ መጥቶ አብሮን የዋለው። ያን ቀን ስለ ራሴ የማልወደውን ነገር አወቅኩ። በአንድ ዓይኔ ለአባቴ እያለቀስኩ፣ በሌላው ደግሞ «ተመስገን፣ ዘንድሮ ዶሮ የለም» እያልኩ ነበር። ሰው ራሱን ሊታዘብ የሚችለውን ያህል ራሴን ታዘብኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እናቴ ማድ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ተናገረች። «እንቁጣጣሽን ቤታችን እንደ ወጉ ይውላል» አለች። «እሱ በዓል አይዘልም ነበር።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «አርባ አራት ዓመት በዚህ በር ላይ ዶሮ ይዤ መንገደኛ አላስቆምኩም። ከእንግዲህም ማንም አያስቆመኝ» አለች። ያለነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ «ማንም» የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

መውጫ ቀዳዳ ፈለግኩ። መጀመሪያ ነገሩን እንደ ዘመናዊ ሰው አቀረብኩት።

«እማዬ፣ ሱፐርማርኬት እኮ የታረደ፣ የተበለተ፣ የታጠበ ዶሮ አለ።»

«የታረደ? ማን ያረደው?»

«ማሽን ይሁን ሰው እንጃ፣ ንጹሕ ነው።»

«አባትህ ቤት፣ ማን እንደባረከው የማይታወቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ሬሳ ላግባ?» አለች። ከዚያ በኋላ «ሱፐርማርኬት» የሚለውን ቃል ለሳሙና እንኳን መጥራት ፈራሁ።

ቀጥዬ ለእህቴ ደወልኩ። እሷ አግብታ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው የምትኖረው። በዋዜማው ባሏን እንድትልክልኝ ነበር ሐሳቤ።

«የራሱ እናት እየጠበቁት አንተ ጋ ይምጣ?» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ ግን አታፍርም? እማዬ ብትፈቅድልኝ እኮ እኔ ራሴ አርጄው አልቆ ነበር።»

እሷ እንደምታርደው አልተጠራጠርኩም። ልጅ ሆነን ዶሮዋ ስታመልጥ ሮጣ ልትይዛት የሞከረችው እሷ ናት፤ እኔ ጨፍኜ ነበር።

እናቴ አውራ ዶሮውን ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድማ ራሷ ገዝታ ግቢያችን ካለው ኮክ ዛፍ ሥር አሰረችው። ገብስማ ነው፤ ደረቱን የነፋ፣ ዓይኑን የማይሰብር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይጮህና ይቀሰቅሰኛል፤ ጠዋት ለሥራ ስወጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያየኛል። እኔ ሰላም ሳልለው አልፋለሁ። ቢሮ በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ የዶሮ አስተራረድ የሚያስተምር ቪዲዮ ከፈትኩ፤ ቢላዋው ሲመጣ በአውራ ጣቴ ስክሪኑን ሸፈንኩት። ስለዚህ ከቪዲዮው የተማርኩት መግቢያውንና «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚለውን ነው።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት የጳጉሜ ዝናብ ጣለ። እናቴ ዝናቡ ጋብ ሲል ወጥታ ቢላዋውን መሳል ጀመረች። ያንን ድምፅ ስሰማ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ስኒከሬን አደረግኩ፤ መገናኛ የገዛሁትን ሰማያዊ የላስቲክ የዝናብ ልብስ ደረብኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ሐኪሙ ስኳርህ ጫፍ ላይ ነው፣ በእግር ሂድ ብሎኛል እኮ።»

ሐኪሙ ይህን ያለኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ትእዛዙን ለመፈጸም አንድ እርምጃ አልሄድኩም ነበር። እናቴ ስኒከሬን አየችው፤ ነጭ ነው፣ ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

«ትቆያለህ?»

«አልቆይም» አልኩና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

እንጦጦ ፓርክ በበዓል ዋዜማ ጭር ይላል ብዬ ነበር። የሚሮጡ ወጣቶች አሉ፣ ፎቶ የሚነሡ ፍቅረኞች አሉ። ቀስ ብዬ ሳይ ግን ሌላም ዓይነት ሰው አለ። ብቻውን የሚሄድ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ስኒከሩ አዲስ የሆነ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ጎልማሳ። አንዱ ባሕር ዛፎቹ መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ አረፍ ስል ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ዶሮ ነው በግ?» አለኝ።

ልክድ ነበር፤ ግን ከእሱ ምን ይደበቃል። «ዶሮ» አልኩት።

«የኔ በግ ነው» አለ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ።

እንዲህ ያለ ወንድም በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ዕቅዱን ጠየቅኩት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሊቆይ ነው። ዓምናም እንዲሁ አድርጎ ነበር።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፤ ሚስቴ ከጎረቤት ሰው ለምና አሳረደች» አለ። ሰዓቱን አየና፣ «እስከ ዛሬ ያንን ሰውዬ መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቴን እደፋለሁ። ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። እሱ ነው የሚብሰው» አለኝ።

እኔም ያሰብኩት ይኸንኑ ነበር፤ ለራሴ በግልጽ አልነገርኩትም እንጂ። ቆይቼ ስመለስ ዶሮው ታርዶ አገኘዋለሁ። ማን እንዳረደው አልጠይቅም፤ እናቴም አትነግረኝም። አባቴ «ፈተና አለበት» የሚልልኝ ጊዜ አልፎ፣ አሁን ደግሞ እናቴን በር ላይ አቁሜ በእሷ ውርደት ልሸፈን ነው። ሰውዬውን «በግህን እግዜር ያቅልልህ» ብዬው ተነሣሁ። በረታሁ ማለቴ አይደለም። ስለራበኝም ጭምር ነው።

ታክሲ ከምጠብቅ በእግሬ ልውረድ አልኩ። አባቴ በሕይወት ቢኖር እንዲህ ያለ ስሕተት አያሠራኝም ነበር። የበዓል ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ ወንድ ብቻውን ወደ የካ በሚወርዱት መንደሮች ውስጥ በእግሩ! ከአንድ ዶሮ የሸሸሁት ሰውዬ በየበሩ ዶሮ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች መሀል ገባሁ። ከድጡ ወደ ማጡ።

የመጀመሪያዋን ስልክ የማወራ መስዬ አለፍኳት። ስልኬ ጆሮዬ ላይ እያለ መጥራቱ ነገሩን አበላሸው እንጂ ጥሩ ዘዴ ነበር። ሁለተኛዋ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ባርክልኝ።»

«ይቅርታ እህቴ፣ እኔ እስላም ነኝ» አልኳት።

አንገቴን አየችው። እኔም ዝቅ ብዬ አየሁት። ማተቤ ከነመስቀሉ ከዝናብ ልብሱ ወጥቶ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እስላም አይዋሽም» አለችኝና ዶሮዋን ወደ ሌላኛው ብብቷ አዛውራ መንገዱን ለቀቀችልኝ። ቢላዋውን ብታሳየኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛዋ አሮጊት ናቸው። ዶሯቸው ከእሳቸው ትከብዳለች። እጄን ተሰብሬ ነበር አልኳቸው። ወዲያው ሐዘኔታ ፊታቸውን ሞላው። «ውይ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። በል ዝናቡ ሳይመለስ ቶሎ ግባ» አሉኝ። ለዋሸኋቸው መርቀውኝ፣ ደህና የሆኑትን ሁለት እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሌላ ሰው እያስቆሙ ነው። ልመለስ አሰብኩ፤ ግን ሰባራው እጅ እንዴት ዳነ ሊባል ነው? ውሸት እንዲህ ነው፤ ደግ መሆን ሲያምርህ በሩን ይዘጋብሃል።

ታክሲ ይዤ ወሰን ስደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ካፊያው ተመልሷል። የዝናብ ልብሴን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ስቤ፣ ከኪሴ ባወጣሁት ስካርፍ አፌን ሸፍኜ፣ ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ገባሁ። እናቴ በራችን ላይ ቆማለች።

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ነጠላዋን ለካፊያው ራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። ገብስማው በግራ ብብቷ ነው። ቢላዋውን ስለቱን ወደ ታች አድርጋ በቀኝ እጇ ይዛለች። መነጽሯን አላደረገችም። አርባ አራት ዓመት ያልቆመችበት ቦታ ላይ፣ ሌላ ጊዜ በሐዘኔታ ታያቸው እንደነበሩት ሴቶች ቆማለች። እግሬ ራሱ ቆመ። ስጠጋት ቀና ብላ አየችኝ፤ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ባለቤቴ በጥር አርፎብኝ ነው። እባክዎ ይህን ዶሮ ቢባርኩልኝ።»

አባቴ ከሞተ ጀምሮ እቤታችን ውስጥ «አረፈ» የሚለውን ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። «እሱ» እንላለን፣ «ያኔ» እንላለን። እሷ ለማታውቀው ሰው ነው የነገረችው ብዬ አሰብኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጇ ከምሆን መንገደኛ መሆን ቀለለኝ። መንገደኛ ታሪክ የለበትም፤ ዶሮ አምልጦት አያውቅም።

ቢላዋውን ተቀበልኳት። ዶሮውን አስተኛሁት፤ አንድ እግሬን ክንፉ ላይ፣ ሌላውን እግሩ ላይ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አልኩ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር። አለቀ። ዶሮው አልተነሣም።

እናቴ ሳፋ ደፋችበት። ከበሩ ሥር ያዘጋጀችውን ጆግ አንሥታ እጄ ላይ ውኃ ታፈስልኝ ጀመር። «እጅዎን ይባርከው» አለች። «ለከርሞ በሰላም ያድርስዎ።»

በስካርፌ ውስጥ «አሜን» አልኩ፣ ድምፄን አወፍሬ።

ውኃውን ማፍሰስ ሳታቆም፣ በዚያው ድምፅ፣ «ስኳሩ ወረደ?» አለችኝ።

ኮፍያዬን አወረድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ይኼኔ ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ዶሮዋን ታቅፋ በሯ ላይ ቆማ ታየን ኖሮ፣ መታገሥ አቃታት።

«መጣህልን? ከሰባት ሰዓት ጀምራ እኮ እዚሁ ናት!» አለችኝ። «ስንት ወንድ አለፈ መሰለህ። አስቁሚው ስላት፣ አንዱን ይቸኩላል፣ አንዱን ልብሱ ይቆሽሻል፣ አንዱን ፊቱ ደስ አላለኝም እያለች ሁሉንም አሳለፈቻቸው። የኔን ዶሮ እንኳን ሊባርክ የፈቀደውን ሰውዬ፣ ተይው ይሂድ፣ የሚመጣ ሰው አለ ብላ አስከለከለችኝ።»

ሦስት ሰዓት ሙሉ። በካፊያ። እኔ በዚያን ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ፣ እናቴ ከማን ትለምን ይሆን እያልኩ ነበር። የምትለምነው እኔን ነበር።

«ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት። የሞኝ ጥያቄ ነው፤ ግን አፌ ያገኘው እሱን ነው።

«ብደውል ምን ትለኝ ነበር?» አለች። «ልጅ እንቢ ይላል። መንገደኛ እንቢ አይልም።»

ጎረቤታችን ዶሮዋን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ አልጠየቀችኝም። እሱን ጨርሼ ቀና ስል ከታችኛው በር አንዷ፣ ከጀርባችን ካለው ግቢ ሌላዋ እየመጡ ነው። ፋሲካ ለእኛ ወጥ ተሸክመው የመጡት ናቸው፤ ያን ዋዜማ ዶሯቸውን ማን እንደባረከላቸው፣ በየትኛው በር ላይ ቆመው መንገደኛ እንዳስቆሙ እስከዚያች ደቂቃ አስቤው አላውቅም። ለምን አሁን እንደመጡ ገባኝ። እናቴ በር ላይ የቆመችው ለእኛ ዶሮ ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛዋን ዶሮ ይዤ በስመ አብ ልል ስል እንባዬ መጣ። እንደ ትልቅ ሰው ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሳግ ያለው፣ ትከሻ የሚነቀንቅ ልቅሶ ነው። ዶሮዋን ረግጬ፣ ቢላዋ ይዤ፣ ሰማያዊ ላስቲክ ለብሼ መንገድ ዳር አለቅሳለሁ። ባለ ዶሮዋ ደነገጠች።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ዶሮ እኮ ናት» አለችኝ። ወደ ጎረቤታችንም ዞር ብላ፣ «አይ ሆደ ቡቡነት፣ ዶሮ ያሳዝነዋል ማለት ነው» አለቻት።

«ተይው» አለች እናቴ። «ለአባቱ ነው።»

ይህን ብላ እሷም ጀመራት። ጆጉን እንደያዘች፣ ውኃው ጫማዋ ላይ እየፈሰሰ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እሷ ጓዳዋ፣ እኔ ክፍሌ በሩን ዘግተን፣ አንዳችን ሌላውን የምናስቸግር መስሎን ለየብቻችን ነበር የምናለቅሰው። ሴቶቹም እኛ እስክንጨርስ ድረስ ዶሯቸውን ታቅፈው ጠበቁን።